ልጆቹ ከበሉ በኋላ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፉአቲኖ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የልጆች ነጭ ልብስ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። ሲሜኦና በባሕሩ ዳር መንገድ ሲመጣ ቀና ብላ አየችው። ከዳቦ ዛፍ የቆረጣቸውን ሁለት የዳቦ ፍሬዎች በክንዱ አቅፏል። እንደ ወትሮው ደረቱን አልነፋም። ጨለማ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ ጥቁሩን ድንጋይ በእግሩ እየዳሰሰ ነበር የሚራመደው።

"ይሄ ሁሉ ነጭ ምንድን ነው?" አለ ደረጃው ላይ አረፍ ሲል። "ሙሽራ ልትድሪ ነው?"

"ነገ ነጩ እሑድ መሆኑን ረሳኸው እንዴ?"

ለቀልድ ያለችው ነበር። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ደነገጠች። ሰሞኑን በእሱ ፊት "መርሳት" የሚለውን ቃል ማንም አያነሳም። እሱ ግን ሳቀ።

"እንዴት ይረሳል? በዓመት አንድ ቀን፣ ልጅ ጌታ ሽማግሌ አሽከር የሚሆንበት! የመንደሩ ተናጋሪ ሲሜኦና ነገ ትሪ ተሸክሞ አፍንጫቸው ላልተጠረገ ሁሉ ያቀርባል።"

"እነሱ ሳይጠግቡም አትቀምስም።"

"አልቀምስም። ሕግ ነው።"

ደጋግሞ በእጇ ላይ ዓይኑን ሲያሳርፍ ታውቀዋለች፤ ስለዚህ መርፌዋን ዝቅ አድርጋ ያዘች። ሁለቱም ወጣት አይደሉም። እሱ ሰባን አልፏል፤ እሷም ከትምህርት ቤቱ በጡረታ ልትወጣ ጥቂት ነው የቀራት። እንደዚያም ሆኖ፣ እሱ እዚህ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እርምጃውን ቀንሶ እያየ ነው የሚያልፈው።

ምክንያት አለው። ፉአቲኖ የመጋቢ ኤሊሳላ ባለቤት ነበረች። በሳሞአ ልማድ መጋቢና ቤቱ ለመንደሩ እንደ እኅት ናቸው፤ ለእኅት ምግብ ይወሰድላታል እንጂ አትታጭም። መጋቢ ሲሞት ሚስቱ ወደ ትውልድ መንደሯ ትመለሳለች። ፉአቲኖ ልጆቹን ታስተምር ስለነበር መንደሩ ይህችን ትንሽ ቤት ሰጥቶ አስቀራት። የሰጧት ቤቱን ብቻ አልነበረም፤ የመጋቢ ሚስት ሆና የመሞት ግዴታንም አብረው ሰጥተዋታል።

"ነገ እናገራለሁ" አለ ሲሜኦና። "ልጆቹ ከበሉ በኋላ። በትልቁ ቤት ምሰሶዬ ሥር ተቀምጬ፣ የተናጋሪ ጭራዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ እንደ ወጉ። ስምሽን ጠርቼ እንደማገባሽ እነግራቸዋለሁ። አንቺ እዚያ መገኘት አለብሽ።"

"ላጊም ትሰማለች?"

"በዋናነት ለእሷ ነው የምናገረው።"

ላጊ የሲሜኦና ልጅ ናት። ከኦክላንድ የመጣችው በዚህ ሳምንት ነው፤ ለመመለሻ የያዘችው ግን ሁለት ትኬት ነው። አባቷ በሽማግሌዎች ጉባኤ መካከል ንግግሩ ተቋርጦበት ታናሽ ወንድሙ ታሎ እንደጨረሰለት በስልክ ሰምታ ነው የመጣችው። መንደሩ ውስጥ በሹክሹክታ የሚባለውን እሷ በግልጽ ብላዋለች፤ አእምሮው እየሄደ ነው ብላለች።

"ኦክላንድ ሄጄ በመስኮት ዝናብ ልቁጠር?" አለ ሲሜኦና። "እኔ ምንም አልሆንኩም። እርጅና ነው። ስኳሬንም ከማንም በላይ እጠብቃለሁ። ሌላው በድብቅ ጣፋጭ እየላሰ እግሩን ያስቆርጣል፤ እኔ ግን ሐኪሙ ያኔ ያዘዘልኝን መርፌና ኪኒን አንድ ንጋት አላጎደልኩም። አንድም ንጋት!"

ያኔ ወፍራም ነበር። አሁን ሽርጡ ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ይዞራል።

የባሕሩ ነፋስ ልብሶቹን እያነሳ ይጥላቸው ነበር። በረንዳው ጥላ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ፉአቲኖ ቀና ስትል የሲሜኦና የላይኛው ከንፈር ላብ አቸፍችፏል። ዓይኖቹ እሷ ላይ ናቸው፤ እሷን ግን አያዩም።

"ሴኔ" አለ ቀስ ብሎ። "ጀልባዋን አስገብተዋታል?"

ሴኔ የሞተችው ሚስቱ ናት። ጀልባዋም ከሴኔ በፊት ነው የተሰባበረችው።

ፉአቲኖ ከአጠገቧ ካለው ዘለላ አንድ ሙዝ ልጣ በእጁ አስያዘችው፤ ምን እንደምታደርግ ግራ ስለገባት ነው እንጂ አስባበት አልነበረም። በላ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ስለ ዳቦ ፍሬው ማውራት ጀመረ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እንዲያውም እየቀለደ። ሲሄድም "ነገ" ብሏት ሄደ።

እሷ ግን ክር የሰካችውን መርፌ እንደያዘች ቆየች። ይህን ላብ አውቀዋለሁ፣ አለች በልቧ። የት እንዳወቀችው ልቧ ሊነግራት አልፈለገም። በጆሮዋ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ሴኔ። እኔ ጋ ይምጣ እንጂ፣ የሚመጣው ለማን ነው?

*

ነጩ እሑድ እንደ ስሙ ነጭ ሆኖ ነጋ። ልጆቹ ጥቅሳቸውን በየተራ እያነበነቡ የአምልኮ ሥርዓቱ ረዘመ። ከተማሪዎቿ ትንሿ መሀል ላይ ጠፍቷት ቆማ ስታለቅስ ምእመኑ ሁሉ በእርጋታ ጠበቃት። ፉአቲኖ ከፊት የተቀመጠውን የሲሜኦናን ጀርባ አየች። ለልጅ ሲሆን ይጠበቃል፣ ብላ አሰበች።

ከዚያ በኋላ የሲሜኦና ቤተሰብ በትልቁ ቤት ተሰበሰበ፤ ግድግዳ በሌለው፣ ምሰሶ ብቻ ባለው ቤት። ልጆቹ በሰሌኑ ላይ በሁለት ረድፍ ተቀመጡ። አሳማው፣ በጋለ ድንጋይ የበሰለው ጎደሬ፣ በኮኮናት ወተት የራሰው የጎደሬ ቅጠል፣ በየኩባያው የተቀዳው ብርቱካናማ ጣፋጭ መጠጥ ሁሉ ለእነሱ ቀረበ። አዋቂዎቹ ቆመው አስተናገዱ።

ሲሜኦና ትሪውን ለማንም አልሰጥም አለ። ከማብሰያው ጎጆ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ማብሰያው ጎጆ ይመላለሳል።

"ኧረ ተቀመጥ፣ ጉልበትህን ለንግግሩ አስቀምጠው" አለው ታሎ።

"አንተ ንግግሬን ለመቀማት እንጂ ለጉልበቴ አስበህ ነው?"

ሰዎች ሳቁ። ላጊ አልሳቀችም።

"አባዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ቀምሰሃል?"

"ሻይ ጠጥቻለሁ። ያለ ስኳር።" ኩራት ነበረው አባባሉ። "መርፌዬንም ጎህ ሲቀድ ተወግቻለሁ። ሌላ ጥያቄ አለ?"

ለፉአቲኖ ውሃ ሲያቀብላት ጣቶቹ መዳፏን ነኩት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበሩ። ፈርቷል፣ አለች። በዚህ ዕድሜ፣ ይህን ያህል የተናገረ ሰው፣ ለእኔ ሲል ፈራ። ደስ አላት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ አላት።

ልጆቹ በልተው ተነሡ። ሲሜኦና ምሰሶው ሥር ተቀመጠ፤ ጭራውን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ፉአቲኖ ዳር ባለው ምሰሶ አጠገብ ዓይኗን ሰሌኑ ላይ ተክላ ጠበቀች።

ጅማሬው ያምር ነበር። የቤቱን አባቶች በየስማቸው ጠራ፤ በማዕበል መሀል መንገድ ስለምታውቅ ጀልባ ተናገረ። ከዚያ ጀልባዋን ደግሞ ጠራት። አሁንም ደገማት። ከዚያ ዝም አለ።

ፉአቲኖ ቀና አለች። ሲሜኦና ትክ ብሎ እያያት ነበር። ፊቱ ላይ እስከ ዛሬ አይታው የማታውቀው ቁጣ ነበር።

"ይህች ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?"

ሴቶቹ ወደ ፉአቲኖ ዞሩ።

"የመጋቢ ቤት ሰው አይደለችም? ምን ቀራት እዚህ? ድርሻዋን ስጧትና ትሂድ።" ጭራውን ወደ እሷ ወረወረ። ሰሌኑ ላይ ወደቀ። "ትሂድ አልኩ!"

ታሎ ዓይኑን ጨፈነ። ላጊ "አያችሁ፣ አያችሁ" አለች፤ ድምጿ ግን የረታ ሰው ድምፅ አልነበረም። ታሎ ተነሥቶ ጭራውን አነሣና አቧራውን አራግፎ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገ። ከሴቶቹ አንዷ ሥጋና ጎደሬ በቅጠል ጠቅልላ፣ ዓይኗን እያሸሸች ፉአቲኖ ጭን ላይ አስቀመጠች።

ድርሻዋን።

ፉአቲኖ ተነሣች። ጥቅሉን ይዛ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ወጣች። የመጋቢ ሚስት መሆን ያስተማራት ነገር ቢኖር እንዴት እንደሚወጣ ነው።

*

ባሕሩ ዳር እስካለው ግንብ ድረስ አላለቀሰችም። እዚያ ስትደርስም አላለቀሰችም። ከሰው አፍ የሚያመልጠው ቃል ከልቡ ሥር የተቀመጠው ነው፣ እያለች ራሷን ታሠቃይ ነበር። በረንዳዬ ላይ የሚለው ለእኔ ነው፤ ይሄኛው ግን የራሱ ነው። መንደሩም የሚለው ይህንኑ ነው።

ጥቅሉን ግንቡ ላይ አስቀምጣ መዳፏን በነጭ ቀሚሷ ጠረገች። መጥረጓን ያስተዋለችው ከጠረገች በኋላ ነው። ላቡ ከደረቀ ቆይቷል፤ እጇ ግን እርጥበቱን ገና ያስታውሰው ነበር።

ቀዝቃዛ ላብ።

የኤሊሳላ ትራስ።

መጋቢ ኤሊሳላም ስኳር ነበረበት። እሱም በመጨረሻው ዓመት በስብከት መሀል ቆሞ ይቀር ነበር፤ እሱም ያለ ምክንያት ይቆጣ ነበር፤ ሰዎችም እርጅና ነው ብለው ያልፉት ነበር። አንድ እሑድ ጾም ውሎ፣ ደክሞኛል ብሎ ተኛ፤ ሲነጋ አልነቃም። ትራሱ በላብ ርሶ ነበር። ለቀብሩ ሰው ከመምጣቱ በፊት ጨርቁን ራሷ አጠበችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሷም ቢሆን።

ትናንት ሙዙን በላ፤ ተመለሰ። ዛሬ ማንም ሙዝ አልሰጠውም።

ወደ ትልቁ ቤት ዞራ አየች። ወደዚያ ብትመለስ መንደሩ የሚለውን ታውቃለች። በሰው ሁሉ ፊት ከተባረረችበት ቤት የምትመለስ ሴት ስም አላት፤ በዚያ ስም የምትጠራ ሴት ደግሞ የመጋቢ ሚስት ሆና በዚያች ትንሽ ቤት አትኖርም። ከኖረችበት ዘመን ሁሉ ያተረፈችው ክብሯን ብቻ ነበር።

ጥቅሉን ግንቡ ላይ ትታው ሮጠች። ልጃገረድ ሳለች ከሮጠችው ወዲህ አልሮጠችም ነበር።

*

ሲሜኦናን ከምሰሶው ሥር አጋድመውት ነበር። አንዷ በማራገቢያ ታራግብለታለች።

"ደክሞት ነው" አለ ታሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እትዬ፣ ስለ ተባለው ይቅርታ። አሁን ግን ይተዉት፣ ይተኛ።"

"አይተኛም" አለች ፉአቲኖ። "ቀና አድርጉት።"

ልጆቹ ከተዉት መጠጥ አንድ ኩባያ አነሣች። ላጊ መንገዷን ዘጋችባት።

"ምን ሊያደርጉ ነው? እሱ ስኳር ያለበት ሰው ነው! ሊገድሉት ነው?"

"ስኳሩ አልቆበት ነው፣ ልጄ።"

"እርስዎ ሐኪም ነዎት? ተባረሩ፣ ተመልሰው መጡ፤ አሁን ደግሞ—"

"አዎ፣ ተባርሬ ነው የተመለስኩት" አለች ፉአቲኖ። ድምጿ አልተነሣም። "ደስ ብሎኝ የመጣሁ ይመስልሻል? ግንባሩን ንኪው። ንኪውና ከዚያ በኋላ አባሪኝ።"

ላጊ ጎንበስ ብላ የአባቷን ግንባር ነካች። እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። ከዚያ ወደ ሻንጣዋ ሮጠች። ለአባቷ በስጦታ ያመጣችው፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ የደም ስኳር መለኪያ ነበር። ካርቶኑን ቀድዳ ጣቱን ወጋች። ቁጥሩን ስታይ አፏን ያዘች።

"ይስጡት" አለች። "ቶሎ ይስጡት፣ እባክዎ።"

ታሎ ከኋላው ደግፎ ቀና አደረገው። ፉአቲኖ በመጀመሪያ ከንፈሩን አረጠበች። ምላሱ ተንቀሳቀሰ፤ ዋጠ። መዋጡን አይታ ነው ኩባያውን ያስጠጋችው። በትንሽ በትንሹ፣ እንደ ሕፃን። ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ያዳምጥ ነበር።

ዓይኖቹ የተመለሱት ቀስ እያሉ ነው። በመጀመሪያ ምሰሶውን አዩ፣ ከዚያ ላጊን፣ ከዚያ እሷን። በእሷ ላይ ቆሙ።

"ልጆቹ በሉ?" አለ።

"በልተዋል።"

"ተናገርኩ እንዴ?"

ማራገቢያው ቆመ። ሁሉም ፉአቲኖን አየ። የሷ ዓይን ወደ እሱ ባዶ ትከሻ ሄደ፤ ጭራው ወዳልነበረበት።

"ገና ነህ" አለች።

እሱ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ስታይ ነው ግንቡ ዳር ያልመጣው እንባ አሁን የመጣባት።

*

የወረዳው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሲሜኦናን ደጅ አስቀምጣ ለላጊና ለፉአቲኖ ነገረቻቸው።

"ይህ መድኃኒት የታዘዘው ለሌላ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ለወፍራምና ለበላተኛ ሰው። አሁን ከስቷል፣ ኩላሊቱም ደክሟል፤ መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣለትም። እቀንስለታለሁ። በዚህ ዕድሜ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ቢል ይሻለኛል እንጂ እንዲህ አይውረድበት። ሁለተኛ ደግሞ፣ ካልበላ አይወጋም። እሑድም ቢሆን።"

"ታዲያ መርሳቱ ይለቀዋል?" አለች ላጊ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ስኳር ሲበዛ ዓይንና እግር እንደሚጎዳ አስተምረናችኋል። ሲያንስ አንጎል እንደሚራብ ግን በቅጡ አልነገርናችሁም። አንድ ጊዜ ቢራብ ይመለሳል። ደጋግሞ ሲራብ ነው የሚያስፈራኝ። ከዚያ ማስታወሱ ይደክማል። ማስታወስ የደከመው ሰው ደግሞ መብላቱን ይረሳል፣ መወጋቱንም ረስቶ ይደግማል፤ ስኳሩ እንደገና ይወርዳል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል።"

"ይለቀዋል ወይ ነው ያልኩት።"

"ከፊሉ። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም።"

ኮሪደሩ ላይ ላጊ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አባቷ ደጅ ካለው ጥበቃ ጋር ሲቀልድ ይሰማል።

"እትዬ" አለች፣ "እኔ ያኔ ክፉ ተናገርኩ።"

"አባትሽን ነው የጠበቅሽው።"

"አሁንም ክፉ ልናገር ነው። እርስዎ ይህን አንድ ጊዜ አይተውታል፤ ፊትዎ ላይ አየሁት። ሁለተኛ ባያዩት ማንም አይወቅስዎትም። ትኬቱ አለ። አባዬን ልውሰደው።"

ፉአቲኖ የቦርሳዋን ዘለበት ከፈተች፤ ዘጋች።

"ያኔ ምን እያየሁ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር" አለች። "አሁን አውቃለሁ።"

ላጊ ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ክንዷን ያዘቻት። ፉአቲኖ ያን ክንድ እስከ መንደሩ ድረስ አለቀቀችም፤ የፈራችው ምን ያህል እንደሆነ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

*

በሚቀጥለው እሑድ ቤተሰቡ እንደገና ተሰበሰበ። ላጊ አባቷን ከአምልኮው በፊት ራሷ አበላችው።

"ለድግስ እንደሚታረድ አሳማ እየቀለብሽኝ ነው" አላት።

"ዝም ብለህ ጉረስ።"

ታሎ ጭራውን በሁለት እጁ አምጥቶ የወንድሙ ትከሻ ላይ አኖረው። ሲሜኦና ምሰሶው ሥር ጀርባውን አቃና።

ድምፁ የድሮ ድምፁ ነበር። የአባቶቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ፤ አንዱንም አላዛነፈም። ጀልባዋን አነሣ፤ በማዕበሉ መሀል አሳልፎ ወደብ አደረሳት። በመንደሩና በመጋቢው ቤት መካከል ስላለው ቃል ኪዳን በአክብሮት ተናገረ፤ ያን ቃል ኪዳን እንዳላፈረሰ፣ እንዲያውም ተንከባካቢ ያጣችን እኅት ቤት እንደሚያገባ አስረዳ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፉአቲኖ ከዳር ምሰሶው ሥር ሆና ትንፋሿ እየቀለላት ሰማችው።

"እንግዲህ" አለ ሲሜኦና፣ "ቀሪ ዘመኔን አብሬያት እኖር ዘንድ የመረጥኳት ሴት..."

ወደ እሷ ዞረ። በፍቅር ነበር የዞረው፤ ለዚህ ምስክር አያስፈልጋትም። ዓይኑ ውስጥ በረንዳው፣ ነጩ ልብስ፣ ሙዙ ሁሉ ነበር። ማን እንደሆነች ያውቃል። ስሟ ብቻ አልነበረም።

ጠበቀች። ቤቱም ጠበቀ።

የላይኛው ከንፈሩን አየች። ላቡን ፈለገችው፤ ላብ እንዲኖር ለመነች። ከንፈሩ ደረቅ ነው። ጭራውን የያዘው እጁም ደረቅ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። በልቷል። ይሄኛው ስኳር አይደለም።

ተናጋሪ ሲናገር ሴት አታቋርጥም። ፉአቲኖ ከምሰሶው ሥር ተነሥታ ቆመች።

"ፉአቲኖ ነኝ" አለች።

"ፉአቲኖ" አለ ሲሜኦና። እንደ ተጠማ ሰው ነበር የተቀበላት። "ፉአቲኖ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "አይ ተናጋሪ!" አለ አንዱ ሽማግሌ ጉልበቱን እየመታ። "ሙሽራይቱን በገዛ አፏ አስጠራት!" ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ታሎም ሳቀ። ሲሜኦና ግራ ቀኝ አይቶ እሱም ሳቀ፤ ለምን እንደሚሳቅ ግን አልገባውም።

ያልሳቀችው ላጊ ብቻ ናት። በሰዎቹ ትከሻ መካከል ፉአቲኖን ታያት ነበር።

ፉአቲኖ ሄዳ ከሲሜኦና አጠገብ ተቀመጠች። እጁን ያዘች። ሞቃትና ደረቅ ነበር። ስሟን ነገ እንደገና ትሰጠዋለች፤ ከነገ ወዲያም። አንድ ቀን ደግሞ ትሰጠውና የማን እንደሆነ ይጠይቃታል። ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ደረቱ ውስጥ የሚወጣውን ሳቅ በትከሻዋ እያዳመጠች፣ ጣቶቿን በጣቶቹ መካከል አጥብቃ አስገባች።